በመነጽር ውስጥ ያለው መንገድ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ በቆጂና ወደ ባሌ የሚዘልቀው አስፋልት አሰላን መካከል ለመካከል ሰንጥቋት ያልፋል። በገበያ ቀን ይህን መንገድ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር የሚሻገር ሰው ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ራሱም ልብ ብሎት አያውቅም። ባጃጁ ከየት በኩል እንደሚመጣ በጆሮው ይለያል፤ የጋሪው ፈረስ ይቆም እንደሆነ ለማወቅ የባለጋሪውን እጅ ያያል፤ የጭነት መኪናው ጡሩምባ ለእርሱ ይሁን ለአህያ ነጂው ያመዛዝናል፤ ከፊቱ የቆሙት እናት ሊራመዱ መሆናቸውን ከትከሻቸው ይገምታል። ይህ ሁሉ በሁለትና በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ያልቃል። እኛም «ተሻገረ» ብለን እናልፋለን።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢ፣ ይህ ሁሉ ድምፅና እንቅስቃሴ ሳይለያይ፣ ሁሉም በእኩል ኃይል በአንድ ጊዜ የሚመታው ልጅ አለ እንበል። ጡሩምባው፣ የፈረሱ ኮቴ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ነጸብራቅ፣ ሳያስበው ትከሻውን ገፋ አድርጎት የሚያልፈው ሰው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይወርዱበታል። ልጁ ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍናል፤ ይጮኻል፤ አንዳንድ ጊዜም መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አልነሣም ይላል። አላፊ አግዳሚው «ያልተቀጣ ልጅ» ይለዋል። ይህን ያልሰማች የእንዲህ ያለ ልጅ እናት በአገራችን ብትፈለግ የምትገኝ አይመስለንም። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ልጁን ይዛ መውጣቷን ትተዋለች።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት ያሰብነው፣ እንዲህ ያለውን ልጅ መንገዱን ሳይወጣ መንገድ ማስለመድ ይቻል እንደሆነ የፈረንጅ ጠበብት ስላወጡት ብልሃት ነው። ብልሃቱ «ቨርቿል ሪያሊቲ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «ምናባዊ እውነታ» እየተባለ ተለምዷል። ከመሣሪያው አስቀድሞ ግን ስለ ልጁ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

«ኦቲዝም» በልጅነት የሚጀምር፣ ከሰውየውም ጋር አብሮ የሚኖር የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው። ከሰው ጋር በመግባባትና በመነጋገር ይታያል፤ አንድን ነገር ደጋግሞ በመሥራት፣ የተለመደው ሥርዓት ሲለወጥ በእጅጉ በመጨነቅ፣ ድምፅንና ብርሃንን ከሌላው ሰው አብዝቶ ወይም አሳንሶ በመስማትም ይታያል። አንዱ ልጅ ጨርሶ አይናገርም፤ ሌላው ስለ አውቶቡስ ሞተር እንደ መጽሐፍ ሲያወራ ይውላል። በዚህ ስም ለብቻው እንዲታወቅ ያደረገው በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሌዎ ካነር ሲሆን፣ የ11 ልጆችን ጠባይ መርምሮ በ1943 ጻፈ (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከእርሱ አስቀድማ ግሩንያ ሱካሬቫ የተባለች የሶቪየት ሐኪም በ1925 ተመሳሳይ ነገር ጽፋ ነበር፤ ነገር ግን ስሟን ለብዙ ዘመን ያነሣው አልነበረም።

የሚያሳዝነው ነገር፣ ከካነር በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ውስጥ በአሜሪካ ብዙ ሊቃውንት ጥፋቱን በእናቶች ላይ አሳበቡት። ፍቅሯ የቀዘቀዘ እናት ልጇን እንዲህ ታደርጋለች ተባለ። ይህ ከንቱ መሆኑ ኋላ ተረጋገጠ፤ ምክንያቱ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ በእኛ አገር «እርግማን ነው»፣ «የሰው ዐይን ነው» የሚሉትን ሰዎች ኋላ ቀር ብሎ ለመሳቅ አይቻኮሏል፤ የተማረውም ዓለም በዲግሪና በመነጽር ሆኖ ያንኑ ብሏል። በአዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው፣ ውጤቱ በ2016 ታትሞ ነበር። ወደ እኩሌታ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው ተናገሩ፤ ከአራት አንዱ ያህልም ነገሩን ከሰው ደብቀው ይዘዋል። እነዚህ እንግዲህ ክሊኒክ ድረስ የመጡት ናቸው።

አሁን ወደ መነጽሩ እንመለስ።

መነጽር ስንል ለማንበቢያ የሚደረገውን ዓይነት አይደለም። የውኃ ዋናተኛ መነጽር የሚመስል፣ ዐይንን ፈጽሞ የሚሸፍን ነገር ነው። በውስጡ ለእያንዳንዱ ዐይን ለየብቻ ሥዕል ይታያል፤ ሁለቱ ሥዕሎች እጅግ በጥቂቱ ስለሚለያዩ አእምሮ አንድ አድርጎ ጥልቀት ያለው ዓለም ያደርጋቸዋል። ራስን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ሥዕሉም ይዞራል፤ ወደ ላይ ሲያዩ ሰማይ ይታያል። «ኦግመንትድ ሪያሊቲ» የሚባለው ታናሽ ወንድሙ ደግሞ እውነተኛውን ዓለም አይሸፍንም፤ በፊታችን ባለው ነገር ላይ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ይጨምርበታል።

ይህን መሣሪያ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ከሞከሩት አንዷ ዶርቲ ስትሪክላንድ የተባለች አሜሪካዊት ናት። በሰሜን ካሮላይና ሁለት ልጆችን ይዛ ሠራች፤ ውጤቱም በ1996 ታተመ። ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። የጊዜው መነጽር እንደ ወታደር ቆብ በራስ ላይ የሚጫን ከባድ ነገር ስለነበረ፣ ጥያቄው ልጆቹ ይማሩ ይሆን ከሚለው በፊት፣ ይህን ነገር በራሳቸው ላይ ይሸከሙት ይሆን የሚል ነበር። ነገር ግን ተሸከሙት። ስትሪክላንድ የሠራችላቸው ዓለም አንድ መንገድ ነበር። ያውም ባዶ የሚባል መንገድ ነው፤ ሰው አይበዛበትም፤ ቀለሙ የደበዘዘ ነው። አንድ መኪና ያልፋል፤ ልጁ መኪናውን በዐይኑ ይከተላል፤ ወደ መቆሚያው ምልክት ሄዶ ይቆማል። ከዚህ የበለጠ ነገር የለውም።

ሥራዋ ጥሩ የሆነው ስለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላው ሰው መሣሪያውን ሲያገኝ ብዙ ነገር ሊያሳይበት ይቸኩላል፤ እርሷ ግን ከዓለም ላይ እየቀነሰች ሄደች። ለዚያ ልጅ ችግሩ የመንገዱ ማነስ አይደለም፤ መብዛቱ ነው። እውነተኛውን የአሰላ መንገድ «ለአንድ ሳምንት ባጃጅ አይለፍብህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ባጃጅ ይለፍብህ» ብሎ ማዘዝ የሚችል ከንቲባ የለም። በመነጽሩ ውስጥ ያለው መንገድ ግን ይታዘዛል።

ከዚያ ወዲህ መነጽሩም ቀለለ፤ ምርምሩም ሰፋ። በእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርስቲ ሰዎች ያደረጉትን ጥቂት ዘርዘር አድርጎ መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም መነጽሩን ጨርሶ ትተውታል። ብዙ ልጆች በፊታቸው ላይ ነገር ሲታሰር ስለማይወዱ፣ ሥዕሉ በዙሪያቸው ግድግዳ ላይ የሚታይበት «ሰማያዊ ክፍል» የተባለ አዳራሽ ተዘጋጀ። ልጁ ከአንድ የሥነ ልቡና ባለሙያ ጋር ይገባል። የሚፈራው ነገር የተጨናነቀ አውቶቡስ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን አውቶቡሱ ባዶ ነው፤ ልጁ አተነፋፈሱን እያረጋጋ ይቀመጣል፤ ሲለምደው አንድ ተሳፋሪ ይጨመራል፤ ከዚያ ሌላ። ርግብ የሚፈራ ልጅም ነበረ፤ ለእርሱ ርግብ ተሠራለት። አንዱ ክፍለ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው፤ ሁሉም ተደምሮ አራት ጊዜ ብቻ ነው። በ2014 በታተመው የመጀመሪያ ሙከራቸው ከ9 ወንዶች ልጆች 8ቱ የሚፈሩትን ነገር መቋቋም ቻሉ፤ ከእነዚህም 4ቱ ፍርሃቱ ፈጽሞ ለቀቃቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ32 ልጆች ላይ በዕጣ ከፍለው ሲሞክሩት ግን የዳኑት ከግማሽ በታች ሆኑ። መጀመሪያ በጥቂት ሰው ላይ ያማረ ነገር በብዙ ሰው ላይ ሲደረግ መቀነሱ የተለመደ ነው፤ ቢሆንም ለዓመታት አውቶቡስ መግባት ላልቻለ ልጅ አራት ክፍለ ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

ስለ ሦስተኛው ምሳሌ አጠር አድርጌ ልናገር። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ ሰዎች ጉግል በሚሠራው ቀጭን መነጽር ላይ ፕሮግራም ጫኑበት፤ መነጽሩ የሰውን ፊት አይቶ «ደስ ብሎታል»፣ «ተቆጥቷል» እያለ ለልጁ ይነግረዋል። 71 ልጆች ተካፈሉበትና በ2019 መልካም የሚባል ውጤት ታተመ። በ2023 ግን ጉግል መነጽሩን መሸጥ አቆመ። የኩባንያ መሣሪያ ዕድሜ ከጋሪ ፈረስ ዕድሜ ያጥራል፤ ልጅን የሚያህል ነገር በአንድ መሣሪያ ላይ ማንጠልጠል አይገባም።

እስከዚህ ያለው የሌላ አገር ታሪክ ነው። አሁን ሌላ ነገር እንጠይቅ፤ ከእነዚህ መነጽሮች አንዱን ገዝተን ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ አሰላ ብናመጣው፣ ልጁ ምን ያያል?

መጀመሪያ የሚያየው የሰሜን ካሮላይናን መንገድ ነው። መኪና ሁሉ በመስመሩ ይሄዳል፤ መብራት ቀይ ሲሆን ይቆማል። ልጁ «ቀይ ሲሆን ተሻገር» የሚለውን ተምሮ ከቤት ቢወጣ፣ ፈረስ ስለ ቀይ መብራት ምንም እንደማያውቅ ያገኘዋል። ይህ ደግሞ ለቀልድ የተባለ አይደለም። ኦቲዝም ያለበት ሰው አንድን ነገር በአንድ ቦታ ከተማረ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ብዙ ጊዜ እንደሚቸገር ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። በክሊኒኩ ወንበር ላይ ጫማውን ማሰር የቻለ ልጅ በቤቱ በርጩማ ላይ ላይችል ይችላል። ስለዚህ በመነጽር ውስጥ ያለው መንገድ ልጁ ነገ የሚሻገረውን መንገድ መምሰሉ ጌጥ አይደለም፤ የትምህርቱ ዋና ነገር እርሱ ነው።

(መማር በተማሩበት መንገድ ላይ እንደሚጣበቅ ለአሰላ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የአገሩ ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ትምህርት ቤት እየሮጠ በመመላለሱ፣ ታዋቂ ከሆነም በኋላ ሲሮጥ አንድ ክንዱ ደብተር እንደያዘ ሰው እጥፍ ይል ነበር ይባላል።)

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የውጭው ፕሮግራም «አቁም» የሚለው በእንግሊዝኛ ነው፤ የአርሲ ልጅ እናቱ የምትጠራው በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ነው። መናገር የሚቸግረውን ልጅ በሦስተኛ ቋንቋ ማስተማር በሸክም ላይ ሸክም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጠባይ ነገር ነው። ከእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ልጁ የሰውን ዐይን ትክ ብሎ ሲያይ ነጥብ ይሰጡታል፤ ደወል ይደወልለታል፤ ኮከብ ይበራለታል። በእኛ አገር ግን ልጅ በታላቅ ፊት ሲቆም ዐይኑን ሰበር ያደርጋል፤ ጨዋነቱም በዚህ ይታወቃል። አባቱን ወይም አስተማሪውን ትክ ብሎ የሚያይ ልጅ ደፋር ይባላል። እንግዲህ መነጽሩ ኮከብ የሚሰጠውን ነገር አያቱ በቁጣ ይቀበሉታል ማለት ነው። ይህም ሌላ መዘዝ አለው፤ ዐይን አለማየት በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ ልጁ «ዐይነ አፋር ነው፣ ጨዋ ነው» እየተባለ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይታወቅለት ያልፋል። በውጭ አገርም ቢሆን ኦቲዝም ያለባቸው ዐዋቂዎች ራሳቸው ይህን ዐይን የማየት ትምህርት ይቃወሙታል። ዴሚያን ሚልተን የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር፣ እርሱም ራሱ ኦቲዝም ያለበት፣ በ2012 እንደጻፈው አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው፤ ኦቲዝም ያለበት ሰው ሌላውን ለመረዳት እንደሚቸገር ሁሉ ሌላውም እርሱን ለመረዳት ይቸገራል።

ስለ ዐይን ካነሣን ስለ ሰላምታችንም እናንሣ። የፈረንጅ ሰላምታ እጅ ጨብጦ ማለፍ ነው። የእኛ ግን ጉንጭ መሳም አለበት፤ ሦስት ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ አስቀድሞ አይነገርም። ትከሻ መግጨት አለበት። «እንዴት ነህ፣ ደኅና ነህ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው» እየተባለ ያው ጥያቄ በሌላ ቃል ይመለሳል። መነካት ለሚያቃጥለው ልጅ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ትክክለኛ መልስ መስጠት አለብኝ ብሎ ለሚጨነቅ ልጅ፣ ከአንድ ለቅሶ ቤት ደጃፍ እስከ ውስጥ መግባት ተራራ መውጣት ነው። በኒውካስል ሰዎች ብልሃት መሠረት ይህን ማለማመድ ቢቻል እንዴት መልካም ነበር! አንድ አክስት ብቻ የቆሙበት ደጃፍ፤ በሩቅ እጅ ነሥተው የሚያልፉ አክስት፤ በሚቀጥለው ሳምንት እጃቸውን የሚዘረጉ። ይህን ትምህርት ግን በውጭ አገር የሚሠራልን ሰው የለም።

ታዲያ በአገራችን የተጀመረ ነገር የለምን? ስለ መነጽሩ ሳይሆን ስለ ልጆቹ ከሆነ አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው ይሠሩ ነበር። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ በ2021 እስካረፉም ድረስ ስለ ኦቲዝም ሳይታክቱ ተናገሩ። ከሥራቸው ሁሉ ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው አንድ ነው፤ መናገር የሚቸግራቸውን ልጆች ለማስተማር በገዛ ፊደላችን ድምፆች ላይ የቆመ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ ዘዴ አዘጋጁ። መሣሪያውን ከውጭ ከማምጣት ይልቅ ከቤት ካለው ነገር ላይ ጀመሩ። ከእርሳቸው በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል እንዲሁ በአዲስ አበባ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም በኢትዮጵያ ተሞክሯል፤ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ነው፤ ወላጁ ከልጁ ጋር በጨዋታና በቤት ሥራ እንዴት እንደሚግባባ ያስተምራል። ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም።

ይህን የምለው የአርሲ ወላጅ መነጽር እስኪመጣ ድረስ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ስላልፈለግሁ ነው። የመነጽሩ ምስጢር በመስተዋቱ ውስጥ አይደለም፤ ቀስ በቀስ በመጨመሩ ውስጥ ነው። በማለዳ ጋሪ ሳይበዛ ከልጅ ጋር ወጥቶ መንገዱን ማየት፤ መሻገር አይደለም፣ ማየት ብቻ። መንገዱን በስልክ ቀርጾ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ቤት ውስጥ ከልጁ ጋር ደጋግሞ ማየት፤ ከዚያ ድምፁን በጥቂቱ ከፍ ማድረግ። ሐኪም ቤት መሄድ የሚያስፈልግ ከሆነ በዋዜማው የበሩን፣ የአግዳሚ ወንበሩን፣ የነጭ ካፖርቱን ፎቶግራፍ በተራ አስይዞ ማሳየት። ይህን ሥራ ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ይሠራዋል።

ከዚህ አልፎ መነጽሩን ራሱን መሥራት ለሚወዱ ተማሪዎች መንገዱ የተዘጋ አይደለም። ዙሪያውን በአንድ ጊዜ የሚቀርጽ ካሜራ ዛሬ በግለሰብ እጅ ይገኛል፤ በ2014 ደግሞ ስልክን ከካርቶንና ከሁለት ሌንስ በተሠራ ሣጥን ውስጥ ከትቶ እንደ መነጽር መጠቀም እንደሚቻል ታይቷል። የአርሲ ዩኒቨርስቲ የኮምፒዩተር ተማሪና የሕክምና ተማሪ አንድ ላይ ቢቀመጡ ለመመረቂያ የሚሆን ሥራ ያገኙበታል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ከሌላው ሰው ይበዛሉ፤ ብልጭ ድርግም የሚል ሥዕልም በአንዳንዱ ሰው ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ሳይጠየቅ መነጽር በልጅ ራስ ላይ አይደረግም። ልጁ «አውልቁልኝ» ሲልም፣ በቃል ባይል በእጁ ቢገፋ፣ ወዲያው ይወለቃል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት በመስኮት በኩል ባለጉዳይ የምታስተናግዱ ወጣቶች ደግሞ ለእናንተም የተሠራ መነጽር አለ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የኦቲዝም ማኅበር በ2016 አጭር የመነጽር ፊልም አወጣ። ተመልካቹ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሆኖ በአንድ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ይሄዳል፤ መብራቱ ያፈጥበታል፤ የሳንቲም ድምፅ እንደ መዶሻ ይሰማዋል፤ በመጨረሻም ሰዎች ዘወር ብለው ሲያዩት እርሱም ያያቸዋል። ሐሳቡ የተገለበጠ ነው፤ ልጁን ለዓለም ከማለማመድ ይልቅ ዓለምን ለልጁ ማለማመድ ነው። ተራ መጠበቅ የማይችል ልጅ ይዛ የመጣች እናት በመስኮታችሁ ፊት ስትቆም፣ ከሰልፉ አውጥቶ ጸጥ ባለ ክፍል ማስቀመጥ ምንም ዓይነት ማኅተም አይጠይቅም።

የአሰላ መንገድ አንድ ቀን ለዚህ ሥራ የሚቀረጽ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ፊልም ላይ ሰው ባይኖር ይመረጣል፤ ከጭላሎ በኩል ብርሃን ሲወጣ፣ አንድ ጋሪ ብቻ ቆሞ፣ ፈረሱ ድርቆሹን እየበላ። በሁለተኛው ጋሪው ይንቀሳቀስ። ካሜራውም የሚተከለው በዐዋቂ ሰው ቁመት አይሁን፤ በስድስት ዓመት ልጅ ቁመት ይሁን። ከዚያ ሲታይ የባለጋሪው እጅ አይታይም።